ከበቅሎዋ በታች የተመዘገቡት ደራሲ

በየከተማው ቃል የማይሸጥ አንድ ሰው አለ። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦውን ይሸጣል፣ ልብስ ሰፊው ስፌቱን ይሸጣል፣ ጠበቃውማ ሳልና ትንፋሹን ሳይቀር ያስከፍላል። እኚህ ሰው ግን ለሠርግህ ግጥም፣ ለሙግትህ ማመልከቻ፣ ለሞተብህ ዘመድ የመቃብር ጽሑፍ ሲያወጡልህ ውለው፣ "ስንት ልክፈል?" ስትላቸው እንደ ስድብ ይቆጥሩታል። እጃቸውን ያወዛውዙና "ግድ የለም" ይላሉ። አንተም ግድ እንደሌላቸው አምነህ ትሄዳለህ። አንድ ቀን ግድ ቢሰጣቸው ምን እንደሚመጣ የሚያስብ የለም፤ ደብረ ታቦርም አላሰበችም ነበር።

የደብረ ታቦሩ ሰው ጓድ መሪጌታ ገብረየሱስ ይባላሉ። "ጓድ" የሚለውን የሰጣቸው አብዮቱ ነው፤ "መሪጌታ" የሚለውን ቅኔ ቤቱ፤ ስማቸውን ያወጡት አባታቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲጠሩ ስብሰባ ላይ ሳቁን የሚያፍን አይጠፋም። እሳቸው ግን በየትኛውም ቢጠሩ "አቤት" ይላሉ።

ስለ ቸርነታቸው የሚወራው ብዙ ነው። የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ለሚወዳት ልጅ ደብዳቤ የሚያስጽፈው እሳቸውን ነበር። ልጅቷም መልሱን የምታስጽፈው እሳቸውን ነበር። መሪጌታ ስምንት ወር ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲጻጻፉ ከረሙ። መሀል ላይ ልጅቷ ተቆጥታ ሦስት ሳምንት መልስ አላስጽፍም ስትል፣ እንቅልፍ ያጡት መሪጌታ ናቸው። ሠርጉ ሲደርስ ተጠሩ፤ የተጠሩትም ለሙሽራው ሙገሳ እንዲገጥሙ ነው።

ከጉና ተራራ ሥር የመጣ ሙላቴ የሚባል ገበሬ ደግሞ ጎረቤቱን በድንበር ከሰሰ። ክሱን የጻፉት መሪጌታ ናቸው። ጎረቤትየው መልስ ሊያስጽፍ ሲመጣም እምቢ አላሉትም። ዳኛው ሁለቱንም ወረቀት ደጋግሞ አንብቦ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ መለየት ቢያቅተው፣ "በሽማግሌ ጨርሱ" ብሎ መለሳቸው። የተመረጡት ሽማግሌም መሪጌታ ሆኑ። ሙላቴ ለውለታቸው አንድ ቁና ድንች ይዞ ቢመጣ "ግድ የለም" ተብሎ ከነድንቹ ተመለሰ።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "እግዜር ይስጥልኝ" ይሏቸዋል። የቀበሌ ሰዎች ግን የእግዜርን ስም በስብሰባ መጥራት ካቆሙ ወዲህ "አብዮታዊ ምስጋናችን ይድረስዎ" ማለት ጀምረዋል። በፊተኛው ቢያንስ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ቸርነት አብልጦ የጠገበው ጓድ ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን የአውራጃው ኪነት ቡድን ኃላፊ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ፣ ካኪ ለባሽ፣ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪፕቶ የሚሰካ። ከሁለቱ አንዱ ቀለም እንደሌለው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የሌላኛውም ቀለም አላልቅ ያለው ምክንያት ነበረው። ሪፖርት ሲደርስበት መሪጌታን ያስጠራና "እስቲ ይቺን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ፣ ጓድ መሪጌታ" ይላል። የሚሰጣቸው ነጭ ወረቀት ነው። መሪጌታ ወረቀቱን አገላብጠው ያዩትና፣ ምንም ስህተት እንዳላገኙበት ሰው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ተቀምጠው ይጽፉለታል። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ፈንታሁን ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ማንም የማይከፍልበትን ነገር እሱም አልከፈለበትም።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ለመሠረተ ትምህርት በዓል ከአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ይመጣል ተባለ። ደብረ ታቦር ውስጥ ቴሌቪዥን ያየ ሰው በጣት ይቆጠራል፤ የፈራው ግን ሁሉም ነው። የአውራጃው አስተዳዳሪ ፈንታሁንን ጠርተው ትያትሩ እንከን ቢገኝበት ከእሱ ጋር እንደሚነጋገሩ ነገሩት። በዚያን ጊዜ "እንነጋገራለን" ከተባለ በኋላ ንግግሩ የት እንደሚያልቅ ማንም ያውቅ ነበር።

ፈንታሁን አልተጨነቀም፤ መሪጌታ አሉለት። እሳቸው ትያትር ሲያወጡ ብዕር አይነኩም። ቅኔ ቤት ያደጉ ናቸውና ትምህርት ለእሳቸው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። ተዋንያኑን ሣር ላይ ያስቀምጡና ቃሉን አንድ በአንድ ይሰጧቸዋል፤ ተቀብለው ይደግማሉ፤ ያጠፋ ይታረማል። መጨረሻውን ደግሞ ቀኑ ሳይደርስ አይሰጡም። ከቀኑ በፊት የወጣ ቅኔ በሌላ ይነጠቃል የሚል የቆየ ስጋት አለባቸው። ሁለት ረዳት አሏቸው፤ የዘፈን ግጥም የምታወጣው እመቤቴና ቀልድ የሚፈጥረው ሞላ። ሁለቱም ቃላቸውን ለእሳቸው አሰምተው ሳያሳርሙ ለማንም አይሰጡም።

የዚያ ዓመት ትያትር ስለ አንድ ገበሬ ነበር። ከተማ የሄደ ልጁ ደብዳቤ ይልክለታል። አባትየው ማንበብ አይችልም፤ የልጄን ምሥጢር ሰው አይሰማም ብሎ ለማንም አያስነብብም። ጣሪያው ሥር ወትፎ ሰባት ዓመት ያኖረዋል። በመጨረሻ መሠረተ ትምህርት ገብቶ ፊደል ይቆጥርና፣ ደብዳቤውን አውርዶ ራሱ ያነበዋል። ደብዳቤው ምን እንደሚል የሚያውቁት መሪጌታ ብቻ ነበሩ። አባትየውን የሚጫወተው የወፍጮ ቤት ዘበኛ እንኳ፣ ወረቀቱን እየዘረጋ እዚያው ላይ ማቆም ለምዶ ነበር።

የቴሌቪዥን ሰዎቹ ሊደርሱ አሥር ቀን ሲቀራቸው ለበዓሉ አበል መፈቀዱ ተሰማና የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። እመቤቴ ጮክ ብላ አነበበችው። ዘፋኞቹ አሉ፤ ተዋንያኑ አሉ፤ ከበሮ መቺው፣ ማሲንቆ መቺው፣ ፋኖስ ያዡ አሉ። በተራ ቁጥር አሥራ አራት፣ ቡድኑ ወደ ጉና ገጠሮች ሲወጣ ከበሮ የምትሸከመው በቅሎ ከነቀለቧ ተመዝግባለች። ደራሲ የሚል ግን የለም። እመቤቴ ወደ ሁለተኛው ገጽ ብታልፍ፣ "የጽሕፈት መሣሪያ" በሚለው ሥር ሦስት ደብተርና ሦስት እስክሪፕቶ አገኘች። ሦስቱ ደራስያን እነሱ ነበሩ።

ሒሳብ ሹሟ ጓዲት ውድነሽ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ አስረዳች። ከበላይ በወረደው ቅጽ ላይ ደራሲ የሚባል መደብ የለም፤ የጭነት ከብት የሚባል ግን አለ። ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ዝርዝሩን ጠጋ ብለው አዩት፤ "ግድ የለም፣ በቅሎዋ ትብላ" አሉና ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ፈንታሁን እፎይ አለ።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስቱ ደራስያን ከማንም ቀድመው መሥሪያ ቤት ተገኙ። ሦስት ደብተርና ሦስት እስክሪፕቶ ውድነሽ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው፣ ንብረት መመለሳቸውን የሚያስረዳ ደረሰኝ ጠየቁ። ደረሰኙ ተቆረጠላቸው። ከዚያ ወጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ተዋንያኑ ሣሩ ላይ ተሰብስበው ቃል ይጠብቃሉ፤ ቃል የለም። ፈንታሁን መጥቶ መሪጌታን ምነው ዝም አሉ ቢላቸው፣ በረጋ ድምፅ መለሱለት።

"የጽሕፈት መሣሪያውን መልሰናል። ደራሲ የሚል ተጽፎ ከከበሮ መቺው እኩል እስኪታሰብልን ድረስ አንናገርም። ከእሱ በላይ አንጠይቅም፤ እሱም እጁን ያመዋል።"

ፈንታሁን ክው አለ። ይህ ነገር ስም አለው፤ ስሙም አድማ ነው። በዚያ ዘመን ቃሉን የሚያነሱት ያደረጉት ሳይሆኑ የሚያስሩት ነበሩ። ዙሪያውን አየ፤ ማንም አልሰማም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ጓድ መሪጌታ፣ ምን እያሉ እንደሆነ ያውቁታል? ይኼ እኮ ያሳስራል" አላቸው።

"ግድ የለም" አሉ መሪጌታ፣ የሙላቴን ድንች በመለሱበት ድምፅ።

እኚህን ሰው አራት ዓመት አውቃቸዋለሁ ይል የነበረው ፈንታሁን እንደ አዲስ ሰው አያቸው። ቁጡ ሰው ቢያምፅ ያስገስጹታል፤ ጯሂ ቢያምፅ ጩኸቱ እስኪያልቅ ይጠብቁታል። ለሁሉም እሺ ሲሉ የኖሩ ሰው እንቢ ሲሉ ግን በየት በኩል እንደሚያዙ አልታወቀውም። ወደ ቢሮው ሮጦ የተመለሱትን ደብተሮች ገለጠ፤ የትያትሩን መጨረሻ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ደብተር ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው። ሁለተኛውም ነጭ ነው። በሦስተኛው የመጨረሻ ገጽ ላይ "ተመላሽ" የሚል ብቻ ተጽፎ አገኘ። ትያትሩ ያለው መሪጌታ ራስ ውስጥ ነው፤ ራሳቸውን ደግሞ በደረሰኝ መረከብ አይቻልም።

ሦስት ቀን ለመናቸው። በሦስተኛው ቀን አንድ ዘዴ መጣለት። እሱም እንደ አገሩ ልጅ ሁሉ በሕፃንነቱ ጥቂት ጊዜ ቆሎ ትምህርት ቤት ገብቷልና የቅኔ መምህርን ጠባይ ያውቃል። የቅኔ መምህር ረሀብ ይችላል፣ ብርድ ይችላል፤ የተበላሸ የግጥም ቤት ሰምቶ ሳያርም ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ሆን ብሎ የደብዳቤውን ቃል አበላሽቶ ለመግጠም ተቀመጠ። ብዙ ድካም አልጠየቀውም። ለዘበኛው አስጠናውና መሪጌታ በተቀመጡበት ፊት ለፊት እንዲል አደረገው።

"ትራክተር ይመጣል፣ ማዳበሪያም አለ፣
ልጅህም ደህና ነው፣ ማኅበሩም ተከበረ።"

ቤቱ አይመታም፤ ልኩ አንክሷል፤ ሰባት ዓመት የተጠበቀ ደብዳቤ ስለ ማዳበሪያ ያወራል። እመቤቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ሞላ መሬት መሬት አየ። ፈንታሁን የመሪጌታን ከንፈር ይጠባበቃል። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ የዱላቸውን ጫፍ ጨበጡ፤ ግንባራቸው ላይ አንድ ሥር ተገተረ። ዘበኛው በትእዛዝ ደግሞ አለው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑና ቀስ ብለው፣ "ግድ የለም፣ እንዲሁ ይባል" አሉ።

 አንካሳ ግጥም ፊታቸው ላይ ቆሞ እያለ "እንዲሁ ይባል" አሉ። እስር ቤት ቢገቡ ከዚህ የባሰ እንደማያማቸው ለፈንታሁን ገባው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የአበል ይመስለው ነበር።

ቴሌቪዥኖቹ ሊገቡ ሁለት ቀን ሲቀር አስተዳዳሪው ስልክ ደወሉ። ትያትሩ አልቋል ወይ ሲሉት ጥቂት ይቀረዋል አለ። ጥቂቱ ምን እንደሆነ፣ ያዘገየውም ሰው ካለ ስሙን እስከ ማታ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አዘዙት። ፈንታሁን ስልኩን ዘግቶ ቁጭ አለ። መንገዱ ግልጽ ነው፤ ሦስት ስም ይጽፋል፣ "አሻጥር" የሚል ቃል ይጨምራል፣ ራሱ ይድናል። መሪጌታ ዕድሜያቸው ስድሳ አልፏል። እመቤቴ ገና ልጅ ናት፤ ሞላ የሁለት ልጆች አባት ነው። ግን እሱም ሚስት አለው፣ እሱም ይፈራል። ወረቀት ሳበ። ቀለም ያለውን እስክሪፕቶ አወጣና "ጉዳዩ፦" ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲያ እጁ ቆመ። ሪፖርት እንዴት እንደሚጀመር ጠፋው። ብዙ ካሰበ በኋላ ተነሣ፣ በሩን ከፈተና ተላላኪውን ጠራው።

"መሪጌታን ጥራልኝ፤ አንድ ጽሑፍ ይመልከቱልኝ።"

ተላላኪው አምስት እርምጃ እንደሄደ ፈንታሁን የጠራው ማንን እንደሆነ ትዝ አለው። የመሪጌታን መክሰሻ መሪጌታን ሊያስጽፍ ነበር። የከፋው ደግሞ፣ ቢጠየቁ ተቀምጠው አሳምረው እንደሚጽፉለት ማወቁ ነው፤ ሲጨርሱም ምን እንደሚሉ ያውቃል። ተላላኪውን መለሰው። በሩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ፤ ምን ያህል እንዳፈረ ለማንም ሊናገረው አይችልም ነበር።

ሲነሣ በቀጥታ ወደ ውድነሽ ሄዶ የአበሉን ዝርዝር አስወጣ። ቅጹ ሞልቷል፤ ባዶ የቀረው ከበቅሎዋ በታች ያለው መስመር ብቻ ነው። እዚያ ላይ በገዛ እጁ "ተራ ቁጥር አሥራ አምስት፣ ደራሲ፣ ሦስት ሰው፣ ከከበሮ መቺ እኩል" ብሎ ጻፈና ፈረመበት። ውድነሽ ማኅተሙን ወደ ራሷ ሳበች። ቅጹ ላይ የሌለ መደብ የከፈተ ሰው እንደሚጠየቅ፣ እሷ ለምስክርነት ብትጠራ ዋሽታ እንደማታድነው ነገረችው። እንዳትዋሽ ነግሯት ማኅተሙን አስመታ። ለአስተዳዳሪውም በስልክ፣ ያዘገየ ሰው እንደሌለና ትያትሩ ማለቁን ገለጸ።

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡ። ከበቅሎዋ በታች መሆናቸውን አይተው እንደሆነም አልተናገሩም። "ደራሲ" የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ብዙ ቆዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ሊደብቁትም አልሞከሩም። ከዚያ ዘበኛውን ጠርተው ሣሩ ላይ ተቀመጡና ቃሉን ሰጡት።  ዘበኛው ሦስት ጊዜ ሞክሮ በአራተኛው ደገመው።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ሞላ። ካሜራው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ ባለካሜራዎቹ በጉና ንፋስ ኮታቸውን ቆልፈው ይንቀጠቀጣሉ። አባትየው ደብዳቤውን ከጣሪያው ሥር መዘዘ፤ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ፣ እየተደናቀፈ አነበበ።

"ሌላ ካነበበው፣ ደህና ነኝ አባቴ፤
አንተ ካነበብከው፣ ድረስ ለሕይወቴ።"

 ልጁ ሰባት ዓመት ሙሉ ድረስልኝ ሲል ኖሯል፤ ወረቀቱ ጣሪያ ሥር ነበር። ከኋላ ያሉት ገበሬዎች ካባቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። አንዲት እናት ድንገት "ወይኔ ልጄን" ብላ ተነሣችና ሰዎች ደግፈው አስቀመጧት። ለማጨብጨብ የተመደቡት ወጣቶች ማጨብጨቡን ረሱት።  አስተዳዳሪው መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ፣ መፈክር ቢጨመርበት ጥሩ ነበር ብለው ብቻ አለፉ።

ተራ ቁጥር አሥራ አምስት ግን አላለፈም። ወር ሳይሞላ ሒሳብ መርማሪዎች መጡና ያልተፈቀደውን መደብ አገኙት። ፈንታሁን ተጠራ። መርማሪዎቹ ሊያስጨንቁት አልፈለጉም፤ እንዲያውም መውጫ ሰጡት፤ ደራስያኑ አስገድደውት እንደሆነ ይናገርና ነገሩ ወደ እነሱ ይዙር አሉት። "ማንም አላስገደደኝም፤ ረስተናቸው ነበር፣ አስታወስኳቸው" አላቸው። እስር ይፈረድበታል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ ከጉና ሥር ላለ እህል መጋዘን ጠባቂነት ተዛወረ። እነ መሪጌታን ማንም አልነካቸውም።

የሄደበት ዕለት ጠዋት፣ እህል ጫኙ አይፋ መኪና ገበያው ዳር ቆሞ ሲሞቅ፣ መሪጌታ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ፈንታሁን ሸኚ አልጠበቀም ነበር፤ ትናንት ያጎነበሱለት ሰዎች እንዳላዩት ሆነው እያለፉ ነው። መሪጌታ መኪናው በር ላይ ቆሙና ግጥም አሉለት፤ ለእሱ ብቻ የወጣ ግጥም። ስለ ብርድ ነበር፣ ስለ ወንበርም ነበር፣ ስለ አንድ መስመር ጽሑፍም ነበር።  ፈንታሁን ካድሬነቱን ረስቶ ከመቀመጫው ወርዶ እጅ ነሣና "እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔታ" አላቸው።

መሪጌታ አልሄዱም። መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ሃምሳ ሳንቲም ነው።"

ፈንታሁን ቀልድ መስሎት ሊስቅ ሲል ፊታቸውን አየ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው።

"እኔም እከፍላለሁ፣ የኔታ?"

"አንተማ ዋናው ነህ፣ ልጄ። ላንተ ብተወው ነገ ለሁሉም እተወዋለሁ። እንግዲያ አንተ ወንበርህን ያጣህበት ነገር ምን ሊሆን ነው?"

ፈንታሁን ኪሱን በረበረ፤ አንድ ብር አገኘ። መሪጌታ ብሩን ተቀብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ቋጠሮው ውስጥ ብዙ ዝርዝር ሳንቲም ነበር፤ ወር ሙሉ ከተማውን ሲያስከፍሉ ከርመዋል። አንድ ሃምሳ ሳንቲም መርጠው መለሱለት። ፈንታሁን እኚህን ሰው አራት ዓመት በነፃ ሲያሠራቸው ያከብራቸው ነበር፤ ይወዳቸው እንደነበረ ያወቀው ግን ገና አሁን፣ ከፍሎ ሲያበቃ ነው።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

"አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ" አለ ፈንታሁን።

መሪጌታ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። ፈንታሁን የተመለሰለትን ሃምሳ ሳንቲም መልሶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠና፣ መኪናው እስኪነሣ ድረስ ቆሞ ሰማ።